የ40 ቆርቆሮ ቤት የክረምት ውሃ ለጓሮ አትክልት፦ ሮቶ ልግዛ ወይስ ጉድጓድ ላስቆፍር? (ቆቦ)

ራያ ጓሮ፦

ሰላም ለቤቱ። ግቢው ቆቦ ከተማ ዳር ነው። ቤቱ የ40 ቆርቆሮ ሆኖ ጣሪያው ሁለት ክንፍ አለው፤ ከነክፈፉ መሬት ላይ ሲለካ 9 በ6 ሜትር ይሆናል። አሸንዳ የለውም። ከቤቱ ጀርባ ዝቅ ብሎ 10 በ8 የሚሆን ባዶ ጓሮ አለ። ሐሳቡ የሐምሌና የነሐሴን ውሃ ይዞ ከመስቀል እስከ ገና ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ማልማት ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ለአትክልት አይታሰብም። አንዱ «ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይበቃሃል» ይለኛል፣ ሌላው «ኩሬ ቆፍር» ይላል። 80 ካሬውን በሙሉ ማልማት ይቻላል? አሸንዳው ስንት ስፋት ይኑረው? ጉድጓድ ከሆነስ ስንት በስንት? በልኬት የምትነግሩኝ ካላችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሚሊሜትር፦

80 ካሬውን እርሳው ወንድሜ። ከጓሮው ስፋት ሳይሆን ከጣሪያው ጀምረህ አስላ።

አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የቆርቆሮውን ቁጥር ተወው፤ ቆርቆሮ ይደራረባል፣ ደግሞም ተዳፋት ላይ ነው ያለው። የሚቆጠረው ጣሪያው መሬት ላይ የሚሸፍነው ስፋት ነው፤ ያንተ 54 ካሬ ነው። ከሚወርደው ውስጥ ጋን የሚገባው 80 በመቶ ያህሉ ነው፤ ቀሪው ይረጫል፣ በጋለ ቆርቆሮ ላይ ይተናል፣ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣም ከአሸንዳው ዘሎ ያልፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአማካይ ዝናብ ማስላቱ ነው። አማካይ ማለት ከዓመታቱ ግማሽ ያህሉ ከዚያ በታች ናቸው ማለት ነው፤ ቆቦን በመሰለ አካባቢ ደግሞ በልጉን ጭራሽ ዕቅድ ውስጥ አታስገባው፣ ከመጣ ትርፍ ነው። ሁለቱ የክረምት ወራት 350 ሚ.ሜ ከሰጡህ 54 × 350 × 0.8 = 15,120 ሊትር ታገኛለህ። ክረምቱ ከፍቶ 200 ሚ.ሜ ብቻ ከሰጠህ 8,640 ሊትር ነው። ማጠራቀሚያውን በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ሥራው። ከዚያ በላይ የሆነ ጋን በክፉ ዓመት ባዶ ይቆማል፣ በደግ ዓመት ደግሞ ያን ያህል አያስፈልግህም።

አሁን ወደ ጓሮው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቆላማ አየር ቅጠላ ቅጠል በቀን በካሬ ሜትር 4 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ለ90 ቀን 360 ሊትር መሆኑ ነው። 80 ካሬ 28,800 ሊትር ይጠይቅሃል፤ ይህ በደግ ዓመት ከጣሪያህ ከሚወርደው እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። በክፉው ዓመት ውሃ ልታለማ የምትችለው 24 ካሬ ነው፣ የሚባክነውን ቀንሰህ 20 በል። ባለ 2,000 ሊትሩ ሮቶ ብቻውን 5 ካሬ ተኩል ነው የሚያጠጣልህ። በዚያ ላይ 46 ሚ.ሜ ዝናብ ጢም አድርጎ ይሞላዋል፤ ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ የሚወርደው ሁሉ እየፈሰሰ ይሄዳል ማለት ነው።

ጥያቄው «ሮቶ ወይስ ጉድጓድ» አይመስለኝም። 8 ወይም 9 ሜትር ኩብ የት ይቀመጥ ነው።

አሸንዳና ቱቦ፦

ከላይ የተሰጠው ሒሳብ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ አሸንዳው ልናገር፤ ውሃው በብዛት የሚጠፋው እዚያ ነውና።

በሰዓት 60 ሚ.ሜ የሚወርድ ዶፍ ቢመጣ ከ54 ካሬ ጣሪያ በደቂቃ 54 ሊትር ይወርዳል፤ 20 ሊትር ጄሪካን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ ይፈሳል። አሸንዳው ይህን መሸከም አለበት። ለእያንዳንዱ ክንፍ (27 ካሬ) ከጋልቫናይዝድ ላሜራ በግማሽ ክብ የታጠፈ፣ አፉ 12 ሳ.ሜ የሆነ አሸንዳ ይበቃል። ጠባብ ሆኖ ጥልቅ ከሆነ አትቀበል፤ ውሃው ከቆርቆሮው ጫፍ ሲወረወር አይደርስበትም።

ተዳፋቱ በ9 ሜትር ርዝመት ከ5 እስከ 9 ሳ.ሜ ይሁን። ሠራተኛው «ቶሎ እንዲወርድ» ብሎ 20 ሳ.ሜ ካወረደው የታችኛው ጫፍ ከክፈፉ በጣም ይርቅና ውሃው በላዩ ዘሎ መሬት ይወድቃል። ሌላው የተለመደ ጥፋት የመያዣው ብረት መራራቅ ነው። በየ60 ሳ.ሜ ካልተደገፈ በውሃው ክብደት መሐሉ ይረግባል፤ የረገበው ላይ ውሃና ቅጠል ይተኛል፣ ላሜራው ይዝጋል፣ ትንኝም ይራባል። ቆርቆሮው ወደ አሸንዳው ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ ይግባ። ከቆርቆሮው ጫፍ ትይዩ በአሸንዳው ውጫዊ ጠርዝ ላይ 10 ሳ.ሜ ቁመት ያለው ቁራጭ ላሜራ ቀጥ አድርጎ ማቆም በዶፍ ጊዜ ብዙ ውሃ ያተርፋል፤ ዋጋው ግን ትንሽ ነው።

ሁለቱን አሸንዳ ወደ አንድ ወገን አውርደህ በባለ 110 ሚ.ሜ ፒቪሲ ቱቦ አገናኛቸው። በባለ 50 የሚሠሩ አሉ፤ አንድ የባህር ዛፍ ቅጠል ይበቃዋል ለመደፈን። ቱቦው ከሚጀምርበት አፍ ላይ ወንፊት አድርግ፣ ግን ጠፍጣፋ አይሁን፤ ጠፍጣፋ ወንፊት ላይ ቅጠል ይለጠፍና ውሃው በሙሉ ወደ ውጭ ይፈሳል። ጎብጎብ ያለ ወይም 45 ዲግሪ ያዘነበለ ይሁን።

የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ፣ የወፍ ኩስና ዝገት ያወርዳል። ለአንድ ካሬ ግማሽ ሊትር ብትጥል 27 ሊትር ነው። በቆመ ቱቦ ብቻ ልያዘው ካልክ ባለ 110ው በአንድ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ከ3 ሜትር በላይ ቱቦ ትፈልጋለህ። 30 ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው ባልዲ ከሮቶው በፊት ብታስገባ ይቀላል፤ ባልዲው መጀመሪያ ይሞላል፣ ከዚያ ውሃው ወደ ሮቶው ያልፋል። ከባልዲው ታች 3 ሚ.ሜ ቀዳዳ ካለ በራሱ ተንጠባጥቦ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ይሆናል። ቀዳዳው በጭቃ ስለሚደፈን በየሳምንቱ በሽቦ መውጋት ነው። የወፍ ኩሱ ለጎመኑ ማዳበሪያ ነው፣ አትፍራው፤ ይህን ሁሉ የምታደርገው የጠብታ መስኖ ቱቦ ካለህ እንዳይደፈን ነው።

ሮቶው ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናል። መሠረቱ በድንጋይ ግንብ ከሮቶው ቂጥ በየወገኑ 15 ሳ.ሜ ሰፍቶ ፍጹም ልሙጥ መሆን አለበት። ጠርዙ ከግንቡ ወጣ ካለ ወይም ከታች ጠጠር ካለ ፕላስቲኩ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። ከመግዛትህ በፊት ግን የክፈፉን ከፍታ ለካ። ባለ 2,000ው እንደ ሥሪቱ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ሊያልፍ ይችላል፤ 80 ሳ.ሜ ግንብ ላይ ስታስቀምጠው ክፈፍ ጋ ሊደርስ ነው። አፉ ከአሸንዳው መውረጃ ቢያንስ 30 ሳ.ሜ ዝቅ ማለት አለበት። የሚቀዳበት ቧንቧ ከታች 10 ሳ.ሜ ከፍ ይበል፣ ደለሉ እንዳይወጣ። ትርፉ የሚወጣበት ቱቦ ደግሞ ከሚገባበት አይነስ።

ዋልካ፦

2,000 ሊትሩን ሮቶ ግዛ፣ ቀሪውን 7 ሺህ ምናምን ሊትር መሬት ውስጥ አስቀምጥ። የሮቶው ትርፍ ወደ ጉድጓዱ፣ የጉድጓዱ ትርፍ ደግሞ ወደ ፓፓያ ወይም ሎሚ ጉድጓድ ይሂድ።

ልኬቱን ያዝ፦ ከላይ 4 በ4፣ ከታች 1 በ1፣ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር። እስከ አፉ 10.5 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከላይ 20 ሳ.ሜ ባዶ መተው ግድ ነው፤ ያቺ 20 ሳንቲም ሰፊው ቦታ ላይ ስለሆነች 3 ሜትር ኩብ ገደማ ትወስድና 7.6 ይቀርሃል። ግድግዳው ተዳፋት የሆነው ለአፈሩ ብቻ አይደለም፣ ውስጡ የሚነጠፈው ፕላስቲክም ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ በራሱ ክብደት ይወጠራል። የሚያስፈልግህ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፈው የጉድጓድ ፕላስቲክ) ባለ 0.5 ሚ.ሜ ሆኖ 7 በ7 ሜትር ነው፤ ይህ ዙሪያውን 30 በ30 ሳ.ሜ በሆነ ቦይ ውስጥ ተቀብሮ የሚይዘውን ጨምሮ ነው። አንድ ወጥ ሆኖ ተበይዶ እንዲመጣ እዘዝ። ሜዳ ላይ በማጣበቂያ የተቀጠለ ሲከርም ይለቃል።

ከ1995ቱ ድርቅ በኋላ በአማራና በትግራይ በዘመቻ የተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ ለምን እንደተተዉ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ውሃው ሰረገ፣ ተነነ፣ በደለል ተሞላ፣ ወባ አመጣ፣ ከብትና ልጅ ገባበት። የቁፋሮው ጉልበት ሁሉ ለቁጥር ሄደ፤ ስለ ክዳንና ስለ አጥር ያሰበ ጥቂት ነበር።

ትነቱን በቁጥር እይ። ጉድጓዱ ሲሞላ የውሃው ገጽ 13 ካሬ ነው። በቀን 5 ሚ.ሜ ቢተን 65 ሊትር ነው። ጓሮህ በቀን 80 ሊትር ይጠጣል፤ ክዳን ከሌለህ ፀሐይ ሁለተኛ ጓሮ ሆና አብራ ትጠጣለች። የባህር ዛፍ አጣና በየ50 ሳ.ሜ ጋድመህ ሰሌን ወይም የጥላ መረብ አልብስበት፤ ትነቱን ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። የአጣናው ጫፍ አፈር ከነካ ምስጥ ይበላዋል፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው።

ፕላስቲኩ የሚነጠፈው በጠዋት ነው፣ ዘና ብሎ። በቀትር ሙቀት ተለጥጦ የተነጠፈ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ማዕዘኑ ላይ ይወጠራል። ከስሩ ሥርና ድንጋይ ለቅመህ 5 ሳ.ሜ በጭድ የተቦካ ጭቃ ለስን። ለመቅዳት የብረት ባልዲ አታውርድበት፤ አንድ ጊዜ ግድግዳውን ከነካ ቀደደው ማለት ነው። የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃል፣ የገመድ ፓምፕ ካገኘህ ደግሞ ወገብህን ታሳርፋለህ።

ራያ ጓሮ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣዋል። ሁለተኛ፣ ግቢው ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ፤ ወባውም ያሰጋል። ይህ ምክሩን ይቀይረዋል?

ዋልካ፦

መሬቱ ይቀይረዋል። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ «ሸክላማ ስለሆነ ያለ ፕላስቲክም ውሃ ይይዛል» የሚልህን አትስማ። በክረምት ይይዛል፤ ውሃው ወረድ ሲል የወጣው ግድግዳ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ፕላስቲክ ቢኖረውም ሦስት ነገር ጠብቅ። ተዳፋቱን አታቁመው፤ የሰጠሁህ አንድ ለአንድ ነው፣ ከዚያ በላይ ቀጥ ካለ ይናዳል። ቁፋሮው በግንቦት ይለቅና ፕላስቲኩ ሰኔ አጋማሽ ላይ ይነጠፍ፤ ተቆፍሮ በፀሐይ ብዙ ከሰነበተ ግድግዳው ተሰነጣጥቆ ይጠብቅሃል። በዙሪያው 20 ሳ.ሜ ክትር ሥራ፣ የትርፉ ውሃም ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ይውጣ። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው አፈር ከጠጣ አብጦ ፕላስቲኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሮቶው የሚቀመጥበትንም 50 ሳ.ሜ ቆፍረህ ዋልካውን አውጣና በጠጠር ሙላ፤ አለዚያ ግንቡ በሁለተኛው ክረምት ያዘነብላል።

ለልጆቹ አጥር 1.2 ሜትር፣ በሩ የሚቆለፍ። ከዚህም ሌላ ቋጠሮ ያለው ወፍራም ገመድ ከውጭ በችካል ታስሮ ወደ ውሃው ወርዶ ሁልጊዜ ይቀመጥ። እርጥብ ፕላስቲክ ስለሚያንሸራትት ዋና የሚችል አዋቂ እንኳን ካለ ገመድ አይወጣም። ለወባ ትንኝ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ከክዳኑ ሥር ዙሪያውን ክፍተት ሳይተው ይወጠር፤ የሮቶው መግቢያና ማስተንፈሻም እንዲሁ። ከእንቁላል እስከ ትንኝ በሙቀት ጊዜ አሥር ቀን ገደማ ነው የሚፈጀው፤ በየሳምንቱ ገልጠህ እጭ ካየህ ወንፊቱ የተቀደደበት ቦታ አለ ማለት ነው። የመኝታ አጎበር ለዚህ አታውል፤ እሱ ቦታው አልጋ ላይ ነው፣ ፀሐይም ቶሎ ይጨርሰዋል።

ጉዝጓዝ፦

ስለ ጋን ብዙ ተባለ፤ አፈሩም ጋን ነው፣ ያውም ነፃ። 20 ካሬ ጓሮ 50 ሳ.ሜ ጠልቆ ቢቆፈርና ኮምፖስት ቢገባበት ተክል ሊጠቀምበት የሚችል 1,500 ሊትር ገደማ ይይዛል። ይህን ሳትሞላ በባልዲ ማጠጣት መጀመር ኪሳራ ነው።

ስለዚህ የጊዜ ሰሌዳው ከመስቀል አይጀምርም። ቃሪያ መደብ ላይ 50 ቀን ያህል ስለሚቆይ በሐምሌ መጀመሪያ ይዘራ። ቲማቲምና ጎመን በነሐሴ መጀመሪያ። ሁሉም በነሐሴ ማብቂያና በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ወደ ጓሮው ይዛወሩ፤ የመጨረሻዎቹን ዝናቦች ጠጥተው ሥራቸውን ጠልቀው ይቆያሉ። መስከረም 20 ላይ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀርና ጋንህን በሙሉ ይጨርስብሃል።

ከፍ ያለ መደብ አትሥራ። ለደረቅ ወቅት የሚሆነው 10 ሳ.ሜ ዝቅ ያለ፣ ዙሪያው ክትር ያለው መደብ ነው። ዋልካ ላይ ግን በነሐሴ ዝቅ ካለ ውሃ ተኝቶ ሥር ያበሰብሳል፤ ክረምቱ እስኪያበቃ ክትሩን በአንድ በኩል ክፍት ተውና መስከረም አጋማሽ ላይ ዝጋው። ከዚያ ጉዝጓዝ፣ ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ ውፍረት። የማሽላ አገዳ የከብት መኖና ማገዶ ስለሆነ አይተርፍም፤ ፍሬ ሳይዝ የታረመ አረም ይሆናል። ፓርቲኒየም የሚባለውን አረም ግን አታስጠጋው። ዋልካ ላይ ጉዝጓዝ ትነት ከመቀነሱ ሌላ ስንጥቁንም ይከላከላል፤ ስንጥቅ ሥር ይበጥሳል፣ የምታጠጣውም ውሃ በእሱ በኩል ቁልቁል ይጠፋል።

ለቲማቲሙና ለቃሪያው እንስራ ቅበር። ከ5 እስከ 8 ሊትር የሚይዝ፣ ከገበያ ሲገዛ ያልተሟሸ ይሁን፤ የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳው ስለተደፈነ አያስተነፍስም። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ሙላውና አሳድረው፣ ጠዋት ውጩ ወዝቶ ካልተገኘ መልሰው። አንገቱ ከአፈሩ 3 ሳ.ሜ ወጥቶ ክዳን ይደረግበት፤ ችግኞቹ ከእንስራው 15 ሳ.ሜ ርቀው ዙሪያውን አራት ይተከሉ። በየሦስት በየአራት ቀኑ ትሞላዋለህ። የጉድጓዱን ደፍራሽ ውሃ አትጨምርበት፣ ጭቃው ከውስጥ ይለስነዋል፤ ለእንስራ የሮቶውን፣ ለጎመኑ የጉድጓዱን።

ቲማቲም አንድ ሳምንት ተጠምቶ በሚቀጥለው ከጠገበ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ቂጡም ይጠቁራል። ብዙ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ይረጫል። ውሃው እኩል አለመሆኑ ነው። ከ12 እግር በላይ አትትከል። ጥቅል ጎመን ቢቀር ይሻላል፤ ሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ቅጠል በቅጠል እየተቀነጠቡ ስለሚበሉ ውሃ ሲያንስ ጥቂት ቅጠል ሰጥተው ያልፋሉ።

ራያ ጓሮ፦

ውሃው እስከ ገና ይድረስ አይድረስ በምን አውቃለሁ? አልቆ ከማየቴ በፊት ማለቴ ነው።

ሚሊሜትር፦

ጉድጓዱ ውስጥ ቀጥ ያለ ምልክት የተደረገበት እንጨት አቁም፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልለህ ፕላስቲኩን እንዳይወጋ። በተሰጠህ ልኬት መሠረት ውሃው 130 ሳ.ሜ ሲሆን 7,600 ሊትር ነው። 100 ሳ.ሜ ላይ 4,300፣ 70 ላይ 2,100፣ 50 ላይ 1,170 ሊትር። ታች ጠባብ ስለሆነ ዓይን ያታልላል፤ ውሃው በቁመት ግማሽ ሲቀር በመጠን ሩብ ብቻ ነው የቀረው።

ኅዳር 1 ቀን ለካ። የሁለት ወር ፍላጎትህ ለ20 ካሬ 4,800 ሊትር ነው። እንጨቱ 100 ሳ.ሜ ካሳየና ሮቶው ውስጥ ሩብ ያህል ካለ በዚያው ቀጥል። 70 ካሳየና ሮቶው ግማሽ ከሆነ ያለህ 3,100 ሊትር ነው፤ ይህ 13 ካሬ ብቻ ያደርሳል። ያኔ 20ውን በሙሉ በግማሽ ጥም አታቆየው፤ ሁሉም ይቀጭጫል። ፍሬ ያልቋጠሩትን ቲማቲሞችና ያረጀውን ቆስጣ ንቀልና ውሃውን ለቀሪው 13 ካሬ ስጥ።